አንድ ተማሪ፣ አምስት አካውንት፦ የኢ-ለርኒንግ መሣሪያዎችን ማገናኘት ከየት ይጀምራል?

ጅማ የሚማር አንድ ተማሪ በአንድ ሴሚስተር በስንት ስም እንደሚታወቅ ቁጠሩ። ሬጅስትራር ፖርታል ላይ በአይዲው ይታወቃል። ሙድል በሚባለው የኦንላይን ማስተማሪያ ሲስተም ላይ መምህሩ በፈጠረለት አካውንት፣ ዙም ላይ በስልኩ ስም፣ ጉግል ፎርም ላይ በዚያች ቅጽበት እንደመጣለት በጻፈው ስም፣ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ በቅጽል ስሙ። ሴሚስተሩ ሲያልቅ መምህሩ አምስቱን ዝርዝር ኤክሴል ላይ ዘርግቶ «ይሄ ያኛው ይሆን?» እያለ ሲያዛምድ ያመሻል። በዚያ መሃል የአንዱ 15 ነጥብ ለሌላው ቢገባ ማንም ላያውቅ ይችላል። ይህን ጉዳይ አጥብቄ የምይዘውም የተማሪ ውጤት ስለሆነ ነው።

መሣሪያዎቹን ላገናኝ ብሎ የተነሳ ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀው «የትኛውን ፕለጊን (ተጨማሪ ፕሮግራም) ልጫን?» ብሎ ነው። ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ነው። የሚቀድመው፣ ተማሪው በሁሉም ቦታ በየትኛው አንድ ነገር ይታወቃል የሚለው ነው። ቀጥሎ ውጤቱ በየትኛው መንገድ ተመልሶ ይመጣል፣ ከዚያ የሁሉም ሰርቨር ሰዓት እኩል ነው ወይ ይባላል። እነዚህ ሦስቱ ከተስተካከሉ ፕለጊኑ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው።

ስም ቁልፍ አይሆንም

ፀሐይ የምትባል ተማሪ ስሟን ፀሐይ፣ ጸሐይ፣ ፀሀይ ወይም ጸሃይ ብላ ልትጽፈው ትችላለች። ሲነበብ አንድ ነው፤ ለኮምፒውተር ግን አራት ሰው ነው። ወደ ላቲን ፊደል ሲዞር ይብሳል። እኛ ጋ ደግሞ ቁቤ አለ፦ ጫልቱ በቁቤ ስትጻፍ በ«ሲ» ብቻ ትጀምርና አናባቢዎቿ ይደረባሉ፤ በእንግሊዝኛ ልማድ ስትጻፍ በ«ሲ» እና በ«ኤች» ትጀምራለች። ያቺው ልጅ የ12ኛ ክፍል ሰርተፍኬቷ ላይ በአንዱ፣ የባንክ ደብተሯ ላይ በሌላው ተጽፋ ልትገኝ ትችላለች፤ ሁለቱም ትክክል ናቸው። ስለዚህ ስምን ከስም ጋር የሚያዛምድ የኤክሴል ፎርሙላ እዚህ አገር አይሠራም ብላችሁ ተነሱ።

ሌላው ችግር «የቤተሰብ ስም» የሚለው የግድ የሚሞላ ሳጥን ነው። የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር እኛ ዘንድ የለም፤ ስለዚህ አንዱ መምህር የአባት ስም ይሞላበታል፣ ሌላው የአያትን፣ ሦስተኛው ሁለቱንም። እኔ የምመክረው እንዲህ ነው፦ የመጀመሪያው ሳጥን ላይ የተማሪው ስም፣ ሁለተኛው ላይ የአባትና የአያት ስም አንድ ላይ፣ በላቲን፣ አንዲት ፊደል ሳይቀየር ሬጅስትራር እንደጻፈው። የአማርኛው አጻጻፍ ሙድል «አማራጭ ስም» በሚለው ሳጥን ይግባ። ዝርዝሩም በመጀመሪያ ስም እንዲደረደር አድርጉት፤ በአባት ስም የተደረደረ ዝርዝር መምህሩ በእጁ ከያዘው የአቴንዳንስ ወረቀት ጋር አይገጥምም።

ኢሜይልም አያስተማምንም። ተማሪው ሲም ሲጠፋበት ጂሜይሉን መልሶ መክፈት ያቅተዋል፣ አዲስ ያወጣል፣ ለማንም አይናገርም። ኢሜይልን ለማሳወቂያ እንጂ ለማንነት አትጠቀሙበት።

የሚቀረው የሬጅስትራሩ አይዲ ነው፣ እሱም የራሱ ወጥመድ አለው። ብዙ የዩኒቨርሲቲ አይዲ በመሃሉ ስላሽ አለው፤ ከስላሹ ወዲያ ያለው ተማሪው የገባበት ዓመተ ምሕረት ነው። ሙድል ደግሞ መግቢያ ስም ላይ ስላሽ አይቀበልም። ሲጫን እንዳለ ከተተወ የሚያሳልፈው ትንንሽ የላቲን ፊደል፣ ቁጥር፣ ነጥብ፣ ሰረዝ፣ የግርጌ ሰረዝና የኢሜይሉን «አት» ብቻ ነው። ስለዚህ መግቢያ ስሙ ላይ ስላሹን በሰረዝ ተኩት። «አይዲ ነምበር» የሚባለው ሌላው ሳጥን ላይ ግን አይዲውን ከነስላሹ፣ ሳትነካኩት አስገቡ። ተማሪው የሚገባው በመጀመሪያው ነው፤ ሲስተም ከሲስተም ጋር የሚነጋገረው በሁለተኛው ነው። ብዙ ጊዜ ባዶውን ተትቶ የሚገኘውም ይኸው ሁለተኛው ሳጥን ነው። ከዓመት በኋላ ልሙላው ቢባል ያን የስም ማዛመድ መከራ እንደገና መጀመር ነው።

ዝርዝሩን በሲኤስቪ (ኤክሴል በሚያወጣው ተራ የሰንጠረዥ) ፋይል ስታስገቡ አምዶቹ እነዚህ ይሁኑ፦ መግቢያ ስም፣ ስም፣ የአባትና የአያት ስም፣ አማራጭ ስም፣ ኢሜይል፣ አይዲ ነምበር፣ ኮርስ፣ ግሩፕ። ግሩፑ ሴክሽኑን ይወክላል። ኤክሴል እዚህ ላይ ሁለት ነገር ያበላሻል። በዜሮ የሚጀምር ቁጥር ዜሮውን ይበላዋል፤ 00412 የነበረው 412 ሆኖ ይወጣል። መፍትሔው ዝርዝሩን ከመለጠፋችሁ በፊት አምዱን ወደ «ቴክስት» መቀየር ነው። ሁለተኛው፣ ሴቭ ሲደረግ «ሲኤስቪ ዩቲኤፍ-8» ካልተመረጠ የአማርኛው ስም በሙሉ የጥያቄ ምልክት ይሆናል፤ ፋይሉ አንዴ ከተዘጋ አይመለስም። የልደት ቀን በዝርዝሩ ውስጥ ካለ አውጡት። ጳጉሜን የተወለደ ተማሪ 13ኛ ወር ይዞ ይመጣና መስመሩ ተቀባዩ ሲስተም ላይ ይወድቃል፤ ለማስተማርም የተማሪ ልደት አያስፈልግም። መጀመሪያ አምስት መስመር ብቻ አስገቡና አካውንቶቹን በዓይናችሁ ካያችሁ በኋላ የቀረውን ልቀቁት።

ውጤት የሚመለስበት መንገድ

ሁለት የትምህርት ሲስተሞችን ለማገናኘት ዛሬ ዋናው ስምምነት ኤልቲአይ የሚባለው የጋራ የግንኙነት ደንብ ነው። የሚያወጣው ቀድሞ አይኤምኤስ ግሎባል ይባል የነበረው፣ ከ2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ ዋን ኤድቴክ የተባለው ማኅበር ነው። አዲስ ነገር የምታገናኙ ከሆነ 2019 እ.ኤ.አ. የወጣውን 1.3 ተጠቀሙ። አሮጌው 1.1 አንድ ቁልፍና አንድ የጋራ ምስጢር ለሁለቱም ወገን ሰጥቶ ያልፋል፤ ምስጢሩ ከአንዱ ወገን ከወጣ ሌላ መከላከያ የለም። በ1.3 እያንዳንዱ ወገን የራሱን ቁልፍ ይዞ ይፈርማል፣ ሌላው ያን ፊርማ ያረጋግጣል።

ሙድል ላይ አሠራሩ ይህ ነው። በአድሚን ገብታችሁ በሳይት አስተዳደር ከፕለጊኖች ውስጥ «ኤክስተርናል ቱል»ን፣ ከዚያ ቱል ማስተዳደሪያውን ክፈቱ (ቱል የምንለው ከሙድል ጋር የሚያያዘውን ሌላ ሲስተም ነው)። ቱሉ አንድ የመመዝገቢያ አድራሻ ከሰጣችሁ እሱን ለጥፋችሁ ሁለቱ ራሳቸው ይመዘጋገባሉ። ካልሰጣችሁ በእጅ ነው፤ ከቱሉ አራት ነገር ትቀበላላችሁ፦ የቱሉን አድራሻ፣ የሎግኢን ማስጀመሪያውን አድራሻ፣ ተማሪው የሚመለስበትን አድራሻ፣ የቁልፎቹን አድራሻ። ሙድል ላይ ሞልታችሁ ስታስቀምጡ ሙድል በፈንታው ስድስት ነገር ያሳያችኋል፦ የፕላትፎርሙ መለያ፣ የደንበኛ መለያ ቁጥር፣ የዲፕሎይመንት ቁጥር፣ ሦስት አድራሻዎች። እነሱን ወስዳችሁ ቱሉ ላይ ትሞላላችሁ። ኮፒ ስታደርጉ መጨረሻ ላይ የምትቀር አንዲት ባዶ ቦታ ወይም ስላሽ ሁሉን ታበላሻለች፤ በእጅ አትጻፉት።

ከዚያ «አገልግሎቶች» የሚለው ጋ ውረዱ። ውጤት እንዲመጣ የምትፈልጉ ከሆነ የውጤት አገልግሎቱን «ለውጤት ማመሳሰልና ለአምድ አስተዳደር» በሚለው አድርጉት። ይህ ተዘንግቶ ቱሉ ይከፈታል፣ ተማሪው ይሠራል፣ ውጤት የሚባል ነገር ግን አይመጣም።

እዚህ ላይ ልቆይ፤ በብዛት የሚያደናግረው ይህ ነው። ተማሪው ቱሉን ከፍቶ፣ ሠርቶ፣ 18 ከ20 አግኝቶ እስክሪን ላይ ያየዋል። ሙድል የውጤት ሰሌዳ ላይ ግን ሰረዝ ብቻ ነው። ለምን? ቱሉ ሲከፈት መልእክቱ የሚያልፈው በተማሪው ብራውዘር በኩል ነው፤ ተማሪው ወደ ሁለቱም መድረስ ስለሚችል ይሠራል። ውጤቱ ግን በብራውዘሩ አይመጣም። የቱሉ ሰርቨር በቀጥታ የእናንተን ሙድል ያንኳኳል፣ ቶክን (ጊዜያዊ የመግቢያ ፈቃድ) ይጠይቃል፣ ውጤቱን ያስገባል። ሙድላችሁ ከግቢ ውጭ የማይታይ ከሆነ ወይም ፋየርወሉ (የኔትወርኩ ዘበኛ) ከውጭ የሚመጣውን ከዘጋ ያ ጥያቄ ደጅ ላይ ይቀራል። ምርመራው ቀላል ነው፦ ስልካችሁን ከግቢው ዋይፋይ አውጥታችሁ በሞባይል ዳታ የሙድልን የቁልፍ አድራሻ ብራውዘር ላይ ክፈቱት። በቅንፍ የታጠረ ረጅም ጽሑፍ ከመጣ በሩ ክፍት ነው። ገጹ እየዞረ ከቀረ ችግሩ ኔትወርኩ ላይ ነው፤ ወደ አይሲቲ ሰዎች ሂዱ እንጂ የቱሉን ቅንብር አትበታትኑት።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ ጣጣ አለ። አንዳንድ ግቢ ውስጥ ሙድል በውስጥ አይፒ ቁጥር፣ ከውጭ ደግሞ በዶሜይን ስም ይከፈታል። ሙድል ግን ራሱን የሚያውቀው በአንድ አድራሻ ብቻ ነው፤ ያንኑ አድራሻ ለቱሉ «እኔ እገሌ ነኝ» ብሎ ይሰጣል። የተመዘገበው በአይፒው ከሆነና ኋላ ወደ ዶሜይን ከተዛወረ ቱሉ አላውቅህም ይለዋል። መፍትሔው ለሁሉም አንድ የዶሜይን ስም መስጠትና የግቢው ዲኤንኤስ (ስምን ወደ አይፒ ቁጥር የሚተረጉመው) ያንን ስም ወደ ውስጥ አይፒ እንዲመራ ማድረግ ነው። ተማሪው ላይብረሪ ቢሆን ኮቺ ያለ ቤቱ ቢሆን የሚጽፈው ያው ነው፣ ግቢ ውስጥ ያለውም የውጭውን ኢንተርኔት አይነካም። የኢንተርኔት ወጪውን አስቡት፦ 30 ሜጋባይት የሆነ አንድ ትምህርት 60 ተማሪ ሲከፍተው 1.8 ጊጋባይት ነው፣ በአንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ።

ቱሉ ሙድል ገጽ ውስጥ በሳጥን ተከፍቶ ነጭ ሆኖ ከቀረ ወይም እንደገና ግባ እያለ ከተመላለሰ ጥፋቱ የኩኪ (ድረ ገጽ ብራውዘር ላይ የሚያስቀምጣት መለያ) ነው። ሳፋሪ ከሌላ ድረ ገጽ የመጣ ኩኪ አይቀበልም፤ ክሮም ደግሞ በኤችቲቲፒኤስ (በተመሰጠረው ግንኙነት) ያልመጣውን ይጥለዋል። «በአዲስ ታብ ክፈት» የሚለውን ምረጡ፣ ያልፋል። የኤችቲቲፒኤስ ሰርተፍኬቱ የሌትስ ኢንክሪፕት ነጻው ከሆነ የሚያገለግለው 90 ቀን ነው። በራሱ የሚታደሰው ፖርት 80 ከውጭ ክፍት ከሆነ ነው፤ ከተዘጋ በዲኤንኤስ በኩል የሚታደስበትን መንገድ ተጠቀሙ።

አካውንት አትሰርዙ። ሙድል ለቱሉ ተማሪውን የሚያስተዋውቀው በራሱ የውስጥ ቁጥር ነው፤ አይዲ ነምበሩን ከጎን ይልከዋል። ፓስዎርድ የጠፋበትን ተማሪ አካውንት ሰርዛችሁ አዲስ ከፈጠራችሁለት ስሙም አይዲውም አንድ ሆኖ ሳለ ለቱሉ አዲስ ሰው ነው፤ የሠራው ሁሉ በድሮው ስም ይቀራል። ፓስዎርዱን ብቻ ቀይሩለት።

ሰዓት

መብራት ሄዶ ሲመጣ ሰዓቱ የተዛባ ሰርቨር ግንኙነቱን ሁሉ ይበጥሳል። ሙድል በኤልቲአይ 1.3 ለቱሉ የሚሰጠው የይለፍ ወረቀት ዕድሜው 60 ሴኮንድ ነው። ሰርቨራችሁ ሦስት ደቂቃ ወደ ኋላ ከቀረ ቱሉ የሚያየው ገና ሲወለድ ጊዜው ያለፈበት ወረቀት ነው። ውጤትም እንዲሁ ነው፦ እያንዳንዱ ውጤት የሰዓት ማኅተም አለው፤ ሙድል ቀድሞ ከገባው የቆየ ማኅተም ያለው ውጤት ሲመጣለት አይቀበልም። የቱሉ ሰርቨር ሰዓት ወደ ኋላ ከተመለሰ ተማሪው ደግሞ ሠርቶ ያሻሻለው ውጤት ይጣላል፣ አሮጌው ይቀራል። ሰርቨሩ ላይ ክሮኒ የሚባለውን ሰዓት አስተካካይ ፕሮግራም ጫኑ፣ ለኤንቲፒ (ትክክለኛው ሰዓት በኔትወርክ ለሚመጣበት መንገድ) ፖርት 123 ዩዲፒ ይከፈት፣ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ሲአር2032 ባትሪም አረጋግጡ። መብራት በጠፋ ቁጥር ሰርቨሩ ከብዙ ዓመት በፊት ያለ ቀን ይዞ የሚነሳ ከሆነ ሞታለች ማለት ነው።

የሰው ሰዓት ደግሞ አለ። መምህሩ «ኩዊዙ 8 ሰዓት ይከፈታል» ብሎ ሙድል ላይ 08፡00 ይሞላል፤ ሙድል ከጠዋቱ 2 ሰዓት ይከፍተዋል። የሚብሰው እኩለ ሌሊት ነው። ማክሰኞ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ስንል ማክሰኞ አምሽቶ ለረቡዕ አጥቢያ ማለታችን ነው። ሙድል ላይ ማክሰኞ 00፡00 ተብሎ ከተሞላ ግን የሚዘጋው ሰኞ ሲመሽ፣ ለማክሰኞ አጥቢያ ነው፤ ተማሪው አንድ ሙሉ ቀን ያጣል። ማስረከቢያን መቼም 00፡00 ላይ አታድርጉ። 23፡55 አድርጉና መመሪያው ላይ «ማክሰኞ ከምሽቱ 5፡55» ብላችሁ በእኛ አቆጣጠር ጻፉ፣ ቀኑንም በሁለቱም ካላንደር። የሙድልን የሰዓት ክልል የአዲስ አበባ አድርጋችሁ ለሁሉም ተጠቃሚ አስገድዱት። ውጭ አገር ያለ ቱል ሰዓቱ የግሪኒች ከሆነ በእሱ 23፡59 የተባለው እኛ ጋ በማግስቱ ከሌሊቱ 8፡59 ነው፤ እዚያም ገብታችሁ አስተካክሉ።

ማገናኘት የማያስፈልገው

ኤችፋይቭፒ (መስተጋብራዊ ትምህርት ማዘጋጃ) ከሙድል 3.9 ጀምሮ ውስጡ አለ፤ ለእሱ ሌላ ሰርቨር አታቁሙ። የቪዲዮ ክፍል የሚያካሂደው ቢግብሉበተንም ከ4.0 ወዲህ አብሮ ይመጣል። ነገር ግን ነጻው ሰርቨር በአንድ ክፍለ ጊዜ ከ25 ሰው በላይ አያስገባም፣ 60 ደቂቃ ሲሞላ ይዘጋል፣ ቅጂውም በ7 ቀን ይጠፋል። 50 ተማሪ ያለው ሴክሽን ላይ ግማሹ ደጅ ይቀራል፤ መምህሩም ኔትወርኩን ይወቅሳል። ለመለማመጃ እንጂ ለማስተማር አይሆንም።

በስኮርም (በዚፕ የሚታሸግ የትምህርት ጥቅል ዓይነት) የተዘጋጀ ትምህርት ከሌላ ቦታ ካገኛችሁ ዚፑን ከፍታችሁ የማኒፌስት ፋይሉ (የጥቅሉ ዝርዝር) ከላይ፣ ከማንም ፎልደር ውጭ መኖሩን እዩ። ፎልደሩን ዚፕ ካደረጋችሁት ሙድል አይቀበለውም፤ ውስጡ ያለውን መርጣችሁ ዚፕ አድርጉ። ስኮርም 1.2 ተማሪው የደረሰበትን የሚያስታውሰው በ4,096 ፊደል ብቻ ስለሆነ ረጅም ትምህርትን ሦስት አራት ቦታ ቆራርጡት፤ አለበለዚያ መሃል ላይ ያቆመ ተማሪ ሲመለስ ከመጀመሪያው ይነሳል።

ከተማ ሲለቁ

የጅማ ዩኒቨርሲቲ ትምህርት ማኅበረሰብ ተኮር ስለሆነ ተማሪዎቹ በየዓመቱ ወደ ወረዳዎች ይወጣሉ፤ ሰቃ፣ ሰርቦ፣ አሰንዳቦ ሲደርሱ ኔትወርኩ የግቢው አይሆንም። ለዚህ የሙድል አፕ ያግዛል፣ አስቀድሞ ከተዘጋጀ። ስኮርም ከሆነ አፑ የሚጫወተው 1.2ን ብቻ ነው፤ «የጥቅሉን ዳውንሎድ ጠብቅ» የሚለውም መጥፋት አለበት። ኩዊዝን ያለ ኔትወርክ ለማሠራት «በአፕ ከኔትወርክ ውጭ ይሠራ» የሚለውን ክፈቱ። ሦስት ነገር ግን አብሮት አይሄድም፦ የደቂቃ ገደብ፣ የአይፒ ገደብ፣ መልሱን ወዲያው የሚያሳይ ዓይነት ኩዊዝ። ተማሪው ግቢ ሳለ በዋይፋይ ያውርደው፣ ከመዝጊያው ሰዓት በፊት ኔትወርክ ያለበት ወጥቶ ያመሳስለው። የመዝጊያውን ቀን ስታወጡ የመኪናና የዝናብ ቀን ጨምሩበት።

ቴሌግራምን አትታገሉት፤ ተማሪው ያለው እዚያ ነው። ግን ሥራው አንድ ይሁን፦ ማሳወቅ። በቦትፋዘር (በቴሌግራም የቦት መፍጠሪያ) ቦት፣ ማለትም በራሱ መልእክት የሚልክ አካውንት፣ ፈጥራችሁ፣ ቶክኑን (የቦቱን ምስጢራዊ ቁልፍ) ሙድል የቴሌግራም ማሳወቂያ ፕለጊን ላይ ታስገባላችሁ። ቦት ራሱ ጀምሮ ለሰው መጻፍ አይችልም፤ እያንዳንዱ ተማሪ አንዴ «ስታርት» ማለት አለበት። ክፍል ውስጥ 10 ደቂቃ ወስዳችሁ ሁሉንም አንድ ላይ አስደርጓቸው። ቶክኑን ግሩፕ ላይ የለጠፈ ካለ ቦቱን አሳልፎ ሰጥቷልና ያንኑ ሰዓት ቀይሩት። አሳይመንት በቴሌግራም አትቀበሉ፤ እዚያ የገባ ፋይል አይዲም ውጤትም የለውም።

ማንኛውንም አዲስ ግንኙነት ለተማሪ ከመክፈታችሁ በፊት በባዶ ኮርስ ላይ በሦስት አካውንት ፈትሹት፦ አንድ መምህር፣ ሁለት ተማሪ። አንደኛው ተማሪ ሙሉ ያምጣ፣ ሁለተኛው ግማሽ ያምጣ። አንድ ተማሪ ብቻ ከሆነ ውጤት ለሌላ ሰው ሲገባ አታዩትም። በኤልቲአይ 1.1 የተገናኘ ቱል ውጤትን ከ0 እስከ 1 ባለ ነጥብ ቁጥር መላክ አለበት፤ 85 ብሎ ከላከ አይገባለትም፣ ይህም እዚሁ ይታያል። ሙድሉን ራሱን ለሌላ ሲስተም ቱል አድርጋችሁት ከሆነ ውጤት የሚልከው ክሮን (ሥራን በየጊዜው የሚያስጀምረው የሰርቨሩ ፕሮግራም) ነውና እሱ እየሮጠ መሆኑን እዩ፤ በየደቂቃው መሮጥ አለበት።

ሴሚስተሩ አልቆ ኮርሱን ለአዲሱ ባች ሪሴት ስታደርጉ ቀድማችሁ የውጤት ሰሌዳውን በአይዲ ነምበር አውጥታችሁ ሁለት ቦታ አስቀምጡ፤ አንዱ ከሰርቨሩ ውጭ ይሁን። የዓመት ቅሬታ ይዞ የሚመጣ ተማሪ አለ፣ መልሱ የሚገኘውም ከዚያ ፋይል ነው።